ከምላስ ሥር ሦስት ጠብታ

ማታካኔ የገዛ ድምፅዋን የሰማችው በማሴሩ ከተማ ከሃ ቴትሳኔ ሰፈር ወደ ሃ አቢያ ሰፈር በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። አራት ሰው የሚጭኑት እነዚያ አሮጌ መኪኖች የኋላ ወንበራቸው ጠባብ ነው፤ ብርድ ልብስ የተከናነቡ ሁለት ሴቶች መሃል ተጣብቃ፣ አዲሱ ቀሚሷ እንዳይጨማደድ ጫፉን ሰብሰብ አድርጋ ይዛለች። የሐምሌ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጣቶቿን ይቆረጥማቸዋል። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠችው ወጣት ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቃ ቪዲዮ ታያለች። «ይህን ዘይት ከጀመርኩ ወዲህ ኪኒኑን ተገላገልኩ» ይላል ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ፤ «ሐኪሙም፣ እሜ፣ ደም ግፊትሽ ተስተካክሏል አለኝ።» እሜ በአገሩ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሲሰማው የባዕድ ይመስለዋልና ማታካኔም መጀመሪያ አላወቀችውም። እንዲያውም ይቺ ሴትዮ እንዴት ያለች ቀባጣሪ ናት ብላ አስባ ነበር። ቀጥሎ ሴትዮዋ ሳቀች። የፊት ጥርሷ ከወለቀ ወዲህ እንዲህ እያፏጨ የሚወጣ ሳቅ ያላት ሴት በማሴሩ ከተማ አንድ ብቻ ናት።

«ይቺን ሴትዮ እግዜር ይስጣት» አለች ከግራዋ ያለችው ተሳፋሪ። «የባሌ እናት እሷን አይታ ነው ኪኒኗን በሙሉ ሽንት ቤት የጨመረችው። ስንት ዓመት ስትውጥ ኖራ!»

«ታዲያ ተሻላት?» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ።

«እሱን ገና እናያለን። ለጊዜው ጠባይዋ ብሷል።»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። ማታካኔ አልሳቀችም። «እኔ እንደሱ አላልኩም» አለች።

«ምን አልሽ እሜ?»

«እንደሱ አላልኩም ነው የምልሽ። ስልኩ ውስጥ ያለችው እኔ ነኝ። ኪኒን ጣሉ ብዬ አላውቅም።»

ከፊት ያለችው ወጣት ዞር ብላ አንዴ ስልኳን፣ አንዴ ማታካኔን አየች። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! ራሷ ናት! እሜ፣ አንድ ፎቶ እንነሳ?» ስልኩን ወደ ኋላ ዘረጋችና ፎቶውን ሳትጠብቅ አነሳችው። በፎቶው ላይ የማታካኔ ፊት ምን እንደሚመስል ያየው ሰው ካለ፣ ጥርስ የሚነቀልበት ሰው ፊት ነው የመሰለው። ከግራዋ ያለችው ሴት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ታዲያ አማቴ ምን ልትሆን ነው?» ብላ ጠየቀች። ማታካኔ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «ዛሬውኑ ወደ ክሊኒክ ውሰጃት» አለቻት፤ ይህንንም ስትል የገዛ ወንድሟ ሴካኬ ትዝ አላት። ሴካኬ ባለፈው እሑድ በስልክ፣ ከራስ ምታቱ በቀር ደህና ነኝ ብሏት ነበር።

እርግጥ ስለ ዘይቱ ተናግራለች። ከአምስት ወር በፊት ዘይቱን የሚሸጠው ኩባንያ እሷ ያለችበት ጡረታ የወጡ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ድረስ መጥቶ ለእያንዳንዷ አንድ ቡናማ ብልቃጥ አደለ። ሲቢዲ ይሉታል፤ ከዕፀ ፋርስ፣ በአገሩ አጠራር ከማቴክዋኔ፣ የማያሰክረውን ወገን ለይተው የጨመቁት ዘይት ነው። ጠዋት ሦስት ጠብታ፣ ማታ ሦስት ጠብታ፣ ከምላስ ሥር። የመጀመሪያውን ሳምንት ማታካኔ ምንም አላየችም፤ የገለባ ውሃ ጣዕም ብቻ። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ ዶሮ ሲጮህ ነቃች፣ ያን ያህል ሰዓት በተኛች ቁጥር ደግሞ ቀኑ ሰፊ ሆነላት። ሃያ ስድስት ዓመት ጂንስ ሱሪ ላይ ዚፕ ስትሰፋ ያበጡት ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት ላላ ማለት ጀመሩ፤ ሻይዋን በሁለት እጅ ሳይሆን በአንድ እጅ ማንሳት ቻለች። ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ለወንድሟ ለሴካኬ ልጅ ለቴቤሎ ነገረችው። ቴቤሎ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ ኖሮ፣ በዚያው ኩባንያ በማስታወቂያ ክፍል ከተቀጠረ ገና ስድስት ወሩ ነው። ወዲያው ካሜራ ይዞ መጣ። በወር በሦስት መቶ ሃምሳ ማሎቲ በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ አልጋዋን አነሱ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ደበቁ፣ የእሷ ያልሆነ የአበባ ማሰሮ መስኮቱ ላይ አስቀመጡ። አርባ ደቂቃ አወራች። ተናገሪ የሚላት ሰው አይገኝም እንጂ ከተገኘማ እሷ ማቆሚያ የላትም። የእንቅልፍ ኪኒኑን ተገላገልኩ ብላለች፤ እውነት ነው። ሐኪሙ ደም ግፊትሽ ተስተካክሏል አለኝ ብላለች፤ እሱም እውነት ነው፣ ግን ወዲያው አከታትላ፣ የግፊት ኪኒኔን አንድ ቀን ሳላዛንፍ ስለምውጥ ነው ማለቷን በደንብ ታስታውሳለች። እነሱ እንደ ልብስ ሰፊ ቀደው፣ እጅጌውን ከአንገቱ ጋር ሰፍተውታል።

ከታክሲው ወርዳ ወደ ወንድሟ ቤት የሚወስደውን የኮረኮንች መንገድ በፍጥነት ወጣች። ዛሬ የመጣችው ምሳ አብራው በልታ፣ ከሰዓት በኋላ በኪንግስዌይ መንገድ ዳር ባለው ሆቴል ኩባንያው ወደሚያደርገው የጤና ቀን ልትሄድ ነበር። አምስት ደቂቃ ትናገሪያለሽ ተብላለች። ቀሚሱን የገዛላት ቴቤሎ ነው። ሴካኬ ቆርቆሮ ክዳን ባለው ሁለት ክፍል ቤቱ ውስጥ፣ በጋዝ ምድጃው አጠገብ፣ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት በዌልኮም የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የሠራ ሰው ነው፤ ሳሉ ከእሱ በፊት ሰላምታ ይሰጣል። ሬዲዮው ስለ ሱፍ ዋጋ ያወራል። ከሬዲዮው በላይ ግድግዳው ላይ የኩባንያው የዘመን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ በሐምሌ ወር ላይ ያለችው ሥዕል ብልቃጥ ይዛ የምትስቀው ማታካኔ ናት። የሴካኬ አፍንጫ ሥር ደም ደርቋል።

«ምን ሆነህ ነው የደማኸው?»

«ብርዱ ነው።»

«ራስህንስ?»

«በዚህ ዕድሜ ራስ ካላመመ ሌላ ምን ሊያም ነው? ተቀመጪ። ቀሚሱ አምሮብሻል።»

«ሴካኬ፣ የግፊት ኪኒንህ የታለ?»

«አለ።»

«የት?»

ሴካኬ ወደ ምድጃው ዞረ፤ ማታካኔ ተነስታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፣ የስኳር ቆርቆሮውን ከፈተች፣ ከአልጋው ሥር ያለውን የማዕድን ዘመን ሣጥኑን ሳበች። የሞተችው ሚስቱ መሐረብ፣ የመታወቂያ ወረቀት፣ ያረጀ የእጅ ባትሪ፣ እና ከነማሸጊያቸው ያልተነኩ ኪኒኖች ተደራርበው አገኘች። ሬዲዮው ሱፉን ጨርሶ የአየር ሁኔታ ጀመረ።  ሴካኬ በአገጩ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሥዕል አመለከተ።

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ያልሽው።»

«አላልኩም።»

«በጆሮዬ ሰማሁሽ። ቴቤሎ ነው በስልኩ ያሳየኝ። ልጅህ ውሸታም ነው ልትዪኝ ነው?»

ይህ ጥያቄ ወጥመድ ነው፤ ሴካኬ ከልጅነቱ ጀምሮ ወጥመድ ማጥመድ ይወዳል። ማታካኔ አልገባችለትም። «ከተውከው ስንት ቀን ሆነህ?» አለችው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ዘይቱን ግን ጠዋት ማታ ይወስዳል፣ ያውም ስድስት ስድስት ጠብታ፤ ማዕድን ያደከመው ሰው ሦስት ምን ያደርግለታል ብሎ ነው። «ይልቅ የሚያናድደኝ እሱ አይደለም» አለ፣ ጨዋታ ሊቀይር ፈልጎ። «አያታችን ማቴክዋኔውን በቆሎው መሃል ስታበቅለው ፖሊስ መጥቶ አቃጠለባት። ታስራም ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ዛሬ ያንኑ ቅጠል ብልቃጥ ውስጥ ከትተው ለሕዝቡ በአራት መቶ ሰማንያ ማሎቲ ይሸጡልናል። አያታችን ብልቃጥ ስላልነበራት ነው የታሰረችው።»

«ተነስ፣ ጫማህን አድርግ» አለች ማታካኔ።

«ወዴት?»

«ክሊኒክ። ወይ በእግርህ ትሄዳለህ፣ ወይ ጎረቤት ጠርቼ በጋሪ አስጭንሃለሁ። ምረጥ።»

በእግሩ ሄደ፤ መንገዱን ሁሉ እያጉረመረመ፣ ሁለት ቦታ ላይ አጥር ተደግፎ እያረፈ። ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ወረፋው ረጅም ነው፤ ግን ሲስተሯ የሴካኬን ፊት ከሩቅ አይታ ከወረፋው አወጣችው። የግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠምጥማ አንዴ ለካች፣ አመነታች፣ ደግማ ለካች። ሁለት መቶ አሥራ አራት በመቶ ሃያ ሁለት። ሲስተሯ የጮኸችው በማታካኔ ላይ እንጂ በሴካኬ ላይ አልነበረም፤ በሽተኛ ሰው ላይ መጮህ ለጊዜው አይጠቅምም ብላ ይሆናል። ስድስተኛው ነው አለች፤ በዚህ ወር ብቻ ስድስተኛው። ሁሉም ዘይት ጀምረው ኪኒን የተዉ ናቸው። አንደኛዋ ትናንት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተልካለች፣ ግራ ጎኗ አልንቀሳቀስም ብሏታል።

«ዘይቱ መርዝ ነው ማለት ነው?» አለ ሴካኬ ከአልጋው ላይ።

«መርዝ ነው አላልኩም፣ ንታቴ፣ አባቴ። የሚያስተኛው ሰው አለ፣ ሕመም የሚያስታግስለት ሰው አለ። ግን ከአንዳንድ ኪኒን ጋር ይጋጫል፤ ጉበት አንዱን ሲያስተናግድ ሌላው ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ነው የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩን የምንለው። ስድስት ጠብታ ይወስዳሉ፣ ኪኒኑን ይተዋሉ፣ ለእኛ አንድም ቃል አይነግሩንም። እንዴት ነው የምንረዳዎት?» ከዚያ ወደ ማታካኔ ዞረች። «እርስዎን የት ነው የማውቅዎት?»

ማታካኔ ወለሉን አየች። ሲስተሯ ቀስ ብላ አወቀቻት፤ ፊቷ ላይ ያለው ድካም ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።  ብትሰድባት ማታካኔ ደስ ባላት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ፋብሪካ ስትሠራ አንድ ጊዜ እንኳ በእሷ ስፌት ምክንያት ልብስ ተመልሶ አያውቅም፤ ዛሬ በእሷ አፍ ምክንያት ስድስት ሰው አልጋ ላይ ወድቋል። ዕንባ መጣባት፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደችና ዕንባው ደረቀ።

ሲስተሯ ሴካኬን ኪኒኑን አስውጣ፣ ሁለት ሰዓት እዚሁ ተኝቶ ይቆይ አለች። ማታካኔ ልትወጣ ስትል ሴካኬ ክንዷን ያዘ። ጣቱ ቀዝቃዛ ነው።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ሆቴሉ ጋ። ተናገሪ ተብዬ የለ?»

«ማታካኔ፣ እኔ ተሽሎኛል። ዝም ብትዪስ? ልጁ ሁለት ዓመት ግድግዳ ሲያይ ነው የከረመው። አሁን ገና ነው ቀና ብሎ መራመድ የጀመረው።»

«አባቱን ቀብሮ ቀና ብሎ ቢራመድ ምን ይጠቅመዋል?»

«አልሞትኩም እኮ።»

«ያቺ ግራ ጎኗ አልንቀሳቀስም ያላትስ ልጅ የላትም?» አለችውና ክንዷን አስለቀቀች። ሴካኬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በረንዳውን ስትሻገር ሳሉ ይሰማት ነበር።

የሆቴሉ አዳራሽ ሞቃት ነው፤ ምንጣፉ ጫማን ይውጣል። በነጭ ጨርቅ የተሸፈኑ ጠረጴዛዎች ላይ ብልቃጦች፣ የመገጣጠሚያ ቅባቶች፣ የሻይ ከረጢቶች፣ ሎሚ የተቆረጠበት ውሃ ተደርድሯል። አንዱ ቅባት ብቻ የእሷን የወር ኪራይ ያክላል። ከፊት ረድፍ የማኅበሯ ሴቶች ምርጥ ብርድ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ሲያዩዋት እጅ አውለበለቡ። ቴቤሎ ግራጫ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ደረቱ ላይ የስም ካርዱን አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣ።

«አክስቴ! አምሮብሻል። ዘገየሽ እኮ፣ ልቤን ልታቆሚው ነበር።»

«ቴቤሎ፣ አባትህ—»

«በኋላ አክስቴ፣ በኋላ። አንቺ ነሽ ቀጥሎ።» እጇን ይዞ ወደ መድረኩ ሳባት። በመንገድ ላይ የኩባንያውን ሥራ አስኪያጅ እሜ ዲኬሌዲን አስተዋወቃት፤ አርባ ዓመት የማይሞላት፣ ሽቶዋ ከሎሚው የሚያይል፣ የምትናገረውን ሁሉ በፈገግታ የምትጨርስ ሴት ናት። «እንደ ቪዲዮው ያድርጉት እሜ ማታካኔ» አለቻት፤ «አጭር፣ ከልብ የሆነ።» ማታካኔ ራሷን ነቀነቀች። ከልብ የሆነ ነገር መናገር አያስቸግራትም ነበር።

ማይክሮፎኑን ያዘች። ብርዱ ከጣቶቿ ገና አልወጣም፤ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ስሜ ማታካኔ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ዚፕ ሰፍቻለሁ፤ እጄ ይኸው። ይህ ዘይት ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። እንቅልፍ ይሰጠኛል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼን ያላላልኛል፤ ለሁለት ሰዓት፣ ግፋ ቢል ለሦስት። አፌን ያደርቀዋል። ጠብታውን ሳበዛ ሆዴ አላስቀምጥ ይለኛል። አያሰክርም፤ እሱን ፈልጋችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ሻያችሁን ጠጡና ሂዱ።» አዳራሹ ሳቀ፤ ዲኬሌዲም ሳቀች። «አሁን ደግሞ የማያደርገውን ልንገራችሁ። ደም ግፊት አያድንም። ስኳር አያድንም። በስልካችሁ ላይ ኪኒኑን ተገላገልኩ የምለው የእንቅልፉን ኪኒን ነው። የግፊቱን ዛሬ ጠዋትም ውጫለሁ። ይህንን በካሜራው ፊት ተናግሬአለሁ፣ ቆርጠው አወጡት። ወንድሜ እኔን አምኖ—»

ማይክሮፎኑ ጠፋ። ከጀርባዋ ሙዚቃ ተለቀቀ፤ ዲኬሌዲ ፈገግታዋን ሳትቀንስ ወደ መድረኩ መራመድ ጀመረች። ያን ያደረገው ሰው አንድ ነገር አላወቀም፦ ሁለት መቶ የስፌት መኪና በአንድ ላይ በሚያጓራበት አዳራሽ ውስጥ፣ በስድስተኛው መስመር መጨረሻ ላለችው ጓደኛሽ ክር አቀብዪኝ ብሎ ለመጮህ ማይክሮፎን አይሰጥም። ማታካኔ ያንን የሞተውን ነገር መሬት ላይ አስቀመጠችና አየር ሳበች። «ወንድሜ እኔን አምኖ ኪኒኑን ትቶ» አለች፣ ሙዚቃውን እንደ ጨርቅ እየቀደደች፤ «ዛሬ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆኖ አልጋ ላይ ተኝቷል! እንደሱ ያሉ ስድስት ናቸው! አንዷ ጎኗ አልታዘዝም ብሏታል! ዘይቱን የፈለገ ይውሰድ፣ እኔም ወስጃለሁ፣ ጠቅሞኛል! ኪኒኑን የጣለ ግን ዛሬውኑ ይመለስ! ለሲስተሯም ሁለቱንም ይንገር!» ከፊት ረድፍ የማኅበሯ ሊቀመንበር ተነሳች፤ «ሙዚቃውን ዝጉት!» አለች፣ በዚያው የፋብሪካ ድምፅ። ሌሎቹም ተነሱ። ሙዚቃው ተዘጋ። ግን ከዚህ በላይ የሚባል ነገር አልቀረም ነበር፤ ማታካኔ ከመድረኩ ወረደች።

ከአዳራሹ ኋላ ያለች ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገቧት፤ ትርፍ ወንበሮች የተደረደሩባት ክፍል ናት። ዲኬሌዲ በሩን ዘጋች። ቴቤሎ ከበሩ ጎን ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ስለ አባቱ የሰማውን ገና እየዋጠው ነው። ዲኬሌዲ አልጮኸችም። አንድ ወረቀት ጽፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ በሕመምና በድካም ምክንያት ተሳስቼ ተናግሬአለሁ የሚል ነው። ከጎኑ ብዕር አስቀመጠች።

«ይፈርሙና ነገሩ እዚህ ያልቃል። ዘይትዎ ዕድሜ ልክዎን በነፃ ይመጣልዎታል። ካልፈረሙ ግን ከዛሬ ጀምሮ አንድ ብልቃጥ አያገኙም፤ ጠበቃችንም ያነጋግርዎታል።»

ማታካኔ ብዕሩን አየችው። እንቅልፉን አሰበች፤ ዶሮ ሲጮህ የሚነቃበትን፣ ያንን ሰፊ ቀን። እንደምትናፍቀው ታውቃለች። ከዚያ የቀኝ እጇን አንስታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀቱ ጎን፣ እንደ ዕቃ አስቀመጠችው፤ ያበጠ፣ አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ የተጣመመ።

«ዛሬ እጄን ያመኛል» አለች። «ብዕር አይዝልኝም።»

«እሜ ማታካኔ፣ አይቀልዱ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ አልቀልድም» አለች ማታካኔ፤ እርስዎ ልትላት አልፈለገችም። «ይህ እጅ ድኗል ብላችሁ ከተማውን ሁሉ ያስወራችሁት እናንተ ናችሁ። ከዳነ ያዥውና አስፈርሚው።»

የዲኬሌዲ ፈገግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ። «ሌላ ነገር ተናግሬ ነበር ለሚሉት ማስረጃ የለዎትም። ያለው ቪዲዮ አንድ ነው።»

«ሁለት ነው» አለ ቴቤሎ።

ሁለቱም ዞሩ። ቴቤሎ የሚናገረው ለወለሉ ነበር። «ያልተቆረጠው እኔ ጋ አለ። አርባ ደቂቃው። ሁሉም አለበት፣ ስለ ኪኒኑ ያለችውም።» ቀና ብሎ ዲኬሌዲን አየ። «ቁረጠው ሲሉኝ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ለአባቴ ያሳየሁትም እኔ ነኝ።» የስም ካርዱን ከአንገቱ አውልቆ፣ ክሩን ሁለት ጊዜ ጠቅልሎ፣ ከብዕሩ አጠገብ አስቀመጠው። ዲኬሌዲ ስለ ውል፣ ስለ ኩባንያው ንብረት፣ ስለ ፍርድ ቤት ተናገረች። እየተናገረች ወጡ።

ማታካኔና ቴቤሎ ወደ ታክሲ ፌርማታው በእግራቸው ሄዱ። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ልትገባ ነው፤ የጎዳና ሻጮች የተጠበሰ በቆሏቸውን እያነሱ ነው። ቴቤሎ አንድ ጊዜ ቆሞ፣ «አንቺ ብትነግሪኝ ኖሮ አክስቴ» ብሎ ጀመረና ተወው፤ ልትነግረው ሞክራ እንደነበር ትዝ ብሎት መሆን አለበት። «ተናድጄብሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «መናደዴ ግን ልክ አይደለም። ሁለቱም አንድ ላይ እንዴት ይሆናል?»

«ይሆናል» አለችው። «እኔም ካንተ ጋር እንደዚያው ነኝ። ቪዲዮውን ልከኸዋል?»

«ከሆቴሉ በር ሳንወጣ። ለማኅበራችሁ ሴቶች ሁሉ፤ ለክሊኒኩም።»

«በጎ አደረግህ። ነገ ሥራ ትፈልጋለህ።»

«ማን ይቀጥረኛል?»

«እሱን ነገ እንጨቃጨቅበታለን» አለች፤ ታክሲው መጣ።

ሴካኬ ክሊኒኩ ለቆት ቤቱ ደርሷል፤ ነጭ የበቆሎ ገንፎ አገንፍቶ፣ ጎመኑን ከላይ ክምር አድርጎ ይጠብቃቸዋል። ቴቤሎ በሩ ላይ ቆሞ አባቱን አየው፣ አባቱም አየው። ቴቤሎ ሄዶ ከአባቱ እግር ሥር ተቀመጠ፣ ሴካኬ ከብርድ ልብሱ አንድ ጫፍ ፈትቶ ትከሻው ላይ ጣለለት። ገንፎውን በእጃቸው እየቆረሱ በሉ። ማታካኔ ሬዲዮውን ልትከፍት ተነስታ፣ ሐሳቧን ለወጠችና ከግድግዳው ላይ የዘመን መቁጠሪያውን አወረደችው።

ሳይጨርሱ በሩ ተንኳኳ። ከፈተችው። አምስት ሴቶች በግቢው ቆመዋል፤ ሁለቱ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፣ አንዷን ከማኅበሩ ታውቃታለች፣ ሁለቱን አይታቸው አታውቅም። ከማታውቃቸው አንዷ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ብልቃጥና የኪኒን ማሸጊያዎች ቀላቅላ ይዛለች። «ቪዲዮውን አየነው» አለች። «ሙሉውን። እሜ፣ ከእነዚህ የትኛውን ነው የምወስደው፣ የትኛውን ነው የምተወው? አንቺ የምትዪኝን አደርጋለሁ።»

ማታካኔ ከረጢቱን አልተቀበለችም። ከጀርባዋ ሙቀቱ፣ ከፊቷ ብርዱ፣ እጆቿ ከጠዋት ጀምሮ ያለ ፋታ ይቆረጥሟታል። ሰዎቹ በተስፋ ያዩዋታል፤ ያ አስተያየት ከሁሉ በላይ አስፈራት።

«እኔ የምልሽን አታድርጊ» አለቻት። «የእኔን ቃል እንደ ሐኪም ቃል ይዞ የተጎዳው ይበቃል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ ክሊኒኩ በር ላይ፣ የምትወስዱትን ሁሉ፣ ብልቃጡንም ኪኒኑንም፣ ሥር ቀቅላችሁ የምትጠጡ ካላችሁ እሱንም ይዛችሁ እንገናኝ። ከጎረቤት ያፈረ ካለ አባብላችሁ አምጡት፤ አልመጣም ያለውን ስሙን ስጡኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ እጠራዋለሁ። ድምፄን ታውቁታላችሁ።»

«ሲስተሯ ብትቆጣስ?»

«ትቆጣ። መብቷ ነው። ከፊት የምቆመው እኔ ነኝ።»

ከውስጥ የሴካኬ ሳል መጣ፤ ቀጥሎም ድምፁ። «እኔ ደግሞ ከእሷ ፊት እቆማለሁ። ሠላሳ ዓመት ጉድጓድ ስወርድ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም። አሁን በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ማታካኔ በሩን አልዘጋችም፤ አንድ በአንድ እየጠየቀች፣ ቴቤሎን ጠርታ፣ ነገ ክሊኒክ የሚመጡትን ሰዎች ስም ማስጻፍ ጀመረች።